ከመከራ በኋላ የእግዚአብሔር ደጅ እንዴት ይጠናል?

ሥራ ያጣ፣ የሚወደውን የቀበረ ወይም ቤቱ የፈረሰበት ሰው «ታገሥ» ሲባል ያመዋል። ትዕግሥት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ስለሚመስል ነው። አባቶች ግን ደጅ መጥናት ይሉታል፤ ደጅ ጠኚ ደግሞ ለብሶ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሰዓት ይያዙ። የጸሎት ጊዜያት በቀን 7 ናቸው፤ ሐዘን ያደከመው ሰው ሁሉንም በአንዴ ከጀመረ ግን ቶሎ ይሰለቻል። ጠዋትና ማታ ይበቃል። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ሲከፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደርሳል። ለጊዜው ከዕለቱ ድርሻ 1 መዝሙር ብቻ ቀስ ብለው ይድገሙ። «ደጅ ጠናሁት» የሚለው በግእዙ ዳዊት 39ኛው፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 40ኛው ነው፤ ግእዙ 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ይለያያል።

ከዚያ ከቤት ይውጡ። አራት ኪሎ ሥላሴ ወር በገባ በ7፣ ስታዲየም አጠገብ እስጢፋኖስ በ17፣ ፒያሳ ጊዮርጊስ በ23 ይታሰባሉ። «መቼ ያልቃል?» የሚለው ጭንቀት «እስከ 23 ልድረስ» ወደሚል ያጥራል። ቃል ካጡ ነጠላዎን ተከናንበው ከቅጥሩ ሥር ይቁሙ። ሐናም ስትጸልይ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯ ብቻ ነበር፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ሰማት።

ብዙዎች የሚወድቁት ለእግዚአብሔር ቀን ሲቆርጡለት ነው። አብርሃም በ75 ዓመቱ ከካራን ወጣ፤ ይስሐቅ የተወለደለት በ100 ዓመቱ ነው። መሐል ላይ በሚስቱ አገልጋይ በአጋር በኩል አቋራጭ ሞከረ፤ ቤቱ ውስጥ ጠብ ገባ። ዮሴፍን ደግሞ የጠጅ አሳላፊው ረሳው፤ ከዚያ በኋላ 2 ዓመት እስር ቤት ቆየ። ሰው ቢረሳዎት እግዚአብሔር ረሳኝ አይበሉ።

እንባ ላይ ሆነው ትልቅ ስለት አይሳሉ። ያልተከፈለ ስለት ሌላ ሸክም ይሆናል፤ ከአቅምዎ ጧፍ ወይም ዕጣን ይበቃል። ሱባኤ ለመግባትም አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካለ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ እምነት ማነስ አይደለም። ጠበል ሲጀምሩም የታዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ። ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ፤ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ።