ተጠግኖ የሚመለስ ብልሽት፦ ያገለገለ መኪና ችግርና መፍትሄ

ያገለገለ መኪና የባለቤቱን ኪስ የሚያራቁተው ብዙ ጊዜ አንዱ ብልሽት ስሙን እየቀያየረ ሲመላለስ ነው። ዛሬ ባትሪ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው)፣ ከዚያ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው)፤ ጥፋቱ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የዛገ የኔጋቲቭ ገመድ ሊሆን ይችላል። የተበላሸውን ዕቃ ምን እንዳበላሸው ሳይታወቅ አዲስ ከተገጠመ፣ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። መልቲሜትር፣ የኮምፕረሽን (የሲሊንደር ውስጥ ግፊት) መለኪያና የብልሽት ኮድ የሚያነብ ስካነር ካሉ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምርመራ ይሠራል። እያንዳንዱ ጥገና በስንት ኪሎ ሜትር እንደተሠራና ምን እንደተቀየረ የሚጻፍበት ደብተርም ያስፈልጋል፤ ተመላላሽ ብልሽት የሚያዘው በእሱ ነው።

ሞተሩ ይሞቃል

መጀመሪያ የሚሞቀው መቼ እንደሆነ ይለዩ።

ቆሞ ሲቆይ ወይም መንገድ ሲጨናነቅ ሞቆ፣ ፍጥነት ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ በራዲያተሩ በቂ አየር እያለፈ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ኤሲውን ያብሩ፤ የኤሌክትሪክ ፋን ያላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ወዲያው ፋኑን ያስነሳሉ። ካልተነሳ ሶኬቱን ነቅለው ለፋኑ ሞተር በቀጥታ ከባትሪ 12 ቮልት ይስጡት። ከዞረ ፋኑ ደህና ነው፤ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ከዚያም የሙቀት ሴንሰሩን ይፈትሹ። በቺንጋ የሚዞር፣ መሃሉ ፈሳሽ ያለበት ፋን ከሆነ ደግሞ ሞተሩ እንደሞቀ ያጥፉና በእጅ ያዙሩት። ያለ ምንም ተቃውሞ የሚሽከረከር ከሆነ ፈሳሹ ወጥቷል፣ ይቀየራል።

በዳገት ወይም በከፍተኛ ፍጥነት ሞቆ ቆሞ ሲሠራ ደህና የሚሆነው ውሃው በበቂ መጠን ስለማይዞር ነው። ራዲያተሩ በውስጥ ተደፍኖ፣ የውሃ ፓምፑ ክንፎች ተበልተው ወይም ቴርሞስታቱ (በሙቀት ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው) ግማሽ ብቻ እየተከፈተ ይሆናል። የታችኛው የራዲያተር ጎማ (የውሃው ቱቦ) ለስልሶ፣ ሞተሩ ሲፈጥን በፓምፑ መሳብ የሚጣበቅበትም ጊዜ አለ። የራዲያተሩን ፊት በሙቀት መለኪያ ይቃኙት፤ በመሃሉ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ ያ ክፍል ተደፍኗል። በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል የሚጠራቀመው አቧራና ቅጠል ከፊት አይታይም። ከሞተር በኩል ወደ ውጭ ዝቅ ባለ ግፊት ውሃ ይታጠባል፤ በከፍተኛ ግፊት የሚያጥብ ክንፎቹን አጣጥፎ ነገሩን ያባብሰዋል።

ቴርሞስታት በአብዛኛው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መከፈት ይጀምራል። ድስት ውስጥ ውሃና ቴርሞሜትር አድርጎ በማፍላት ይፈተናል። አውጥቶ መጣል ግን መፍትሄ አይደለም። ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይፈጃል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ሲሊንደር ይበላል፤ አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ የማለፊያውን ቀዳዳ የሚዘጋ ስለሆነ፣ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ዘልሎ ይዞርና ሙቀቱ ይብሳል።

የሚንጠባጠብ ሳይታይ ውሃው የሚጎድል ከሆነ ከሁሉ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ይመልከቱ። በላዩ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይኖራል፤ የሚይዘው ግፊት በባር ነው። ግፊቱ ሲያዝ ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ይለቅና ውሃው ወደ መጠባበቂያው ገንቦ ወጥቶ ሳይመለስ ይቀራል። ሲቀየር ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ክዳን ያረጁ የውሃ ጎማዎችን ያፈነዳል። ሞተሩ ሞቆ እያለ ክዳኑን መክፈት ሰው ያቃጥላል።

ክዳኑ ደህና ሆኖ ከቀጠለ ጥርጣሬው ወደ ቴስታታ ጋርኒሲዮን፣ በሞተሩ ራስ (ቴስታታ) እና በብሎኩ መካከል ወዳለው ማሸጊያ፣ ይሄዳል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቀዝቃዛ ሞተር በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው የራዲያተር ጎማ በግፊት መደንደን፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ የማያቋርጥ አረፋ፤ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ፤ የዘይቱ ወተት መምሰል። ማረጋገጫው በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ የመመርመሪያ ፈሳሽ ነው፤ የቃጠሎ ጋዝ ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ዘይት መሙያው ክዳን ስር ብቻ የሚታይ ጥቂት ወተት መሰል ነገር አያስደንግጥ፤ አጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ መኪና ላይ ከእርጥበት ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ጋርኒሲዮን ተቀይሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ የሚቃጠለው በአመዛኙ በአራት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መጀመሪያ ያሞቀው ነገር፣ ለምሳሌ የተደፈነው ራዲያተር፣ አልተነካም። ሁለተኛ፣ ቴስታታው መጣመሙ አልተለካም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ሰያፍ ይጋደምና ስሩ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ይለካል። በብዙ የቤት መኪና ሞተሮች ላይ የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከአምራቹ መመሪያ ይወሰዳል። ካለፈ ቴስታታው በማሽን ይላጋል፤ የብሎኩም ፊት በዚያው መንገድ መለካት አለበት፣ ይህን ግን ብዙዎች ይዘሉታል። ሦስተኛ፣ ሲጠብቁ የሚለጠጡ፣ መጨረሻቸው በዲግሪ የሚጠብቅ ብሎኖች ድጋሚ ተገጥመዋል። አራተኛ፣ በቶርክ ቁልፍ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ መጥበቅ ሲገባቸው በግምት ጠብቀዋል። ጠጋኙ ቴስታታውን ስንት ሆኖ እንዳገኘው ይጠይቁት። ቁጥር ከሌለው አልለካም።

ውሃ ሲሞላ ግማሽ የተጣራ ውሃ፣ ግማሽ ኩላንት ይሁን። ተራ ውሃ ብቻውን ዝገት የሚከላከል ነገር የለውም፤ የውሃ ፓምፑንና ራዲያተሩን ከውስጥ ይበላል። ከሞላ በኋላ የመኪናው አፍንጫ ከፍ ባለ ቦታ ይቁም፣ የተሳፋሪው ክፍል ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ይከፈት፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይሥራ፤ አረፋው ሲያቆም ይሞላና ይከደናል። ውስጥ የቀረ አየር ጥሩ የተሠራን ሞተር ያሞቃል።

ጠዋት አይነሳም

ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል፣ ከ12 በታች ባዶ ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መስጠት አለበት (አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች በኮምፒውተር ዝቅና ከፍ ያደርጉታል)። ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። በየጊዜው ባትሪ የሚበላ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚለካው ይህ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ደግሞ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሙሉ ባትሪ እዚያ ድረስ ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከመጠን በላይ ይስባል።

ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ሆነው ሞተሪኖው እየደከመ ከዞረ ገመዶቹን ይለኩ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ሰው ቁልፍ ያዙር፤ ከ0.2 ቮልት ብዙም ካለፈ የኔጋቲቩ ገመድ ወይም ማሰሪያው ዝጓል። ብሎኑ ይፈታ፣ ብረቱ እስኪያበራ ይቦረሽ፣ ይጠበቅ። ምንም ዕቃ አልተገዛም። በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ 0.5 ቮልት ድረስ ይታለፋል።

አንድ ሁለት ቀን ቆሞ ብቻ የሚሞት ባትሪ ካለ መኪናው ጠፍቶ እየሳበ ነው። ሁሉንም ያጥፉ፣ ቁልፉን ያርቁ፣ የኔጋቲቩን ገመድ ነቅለው መልቲሜትሩን በ10 አምፔር መስመር በመሃል ያስገቡ። በሮቹን ይዝጉና ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ፤ ኮምፒውተሮቹ ወዲያው አይተኙም። ከዚያ በኋላ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ የተለመደ ነው። 1 አምፔር ከሆነ ግን 60 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ በ30 ሰዓት ግማሽ ያደርሰዋል። መለኪያው እንደተገጠመ በምንም መንገድ ሞተር አያስነሱ፣ መለኪያው ይቃጠላል። የሚስበውን መስመር ለማግኘት ፊውዝ እየነቀሉ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን መንቀሉና መመለሱ የተኛውን ኮምፒውተር ያነቃል። በፊውዙ ጀርባ ባሉት ሁለት ነጥቦች ላይ ሚሊ ቮልት መለካት ይሻላል፤ ዜሮ ያልሆነው መስመር እየሳበ ነው። በፊውዝ ሳጥን ምንም ካልተገኘ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ይንቀሉ፤ መሳቡ ከቆመ የዲናሞው ዳዮድ አምልጧል። በኋላ የተገጠሙ ቴፕና አላርምም የታወቁ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ዘይት ይጎድላል፣ ያፈሳል

ከማፍሰሱ ይጀመር፣ ምክንያቱም ተደጋጋሚ ወጪ እዚህ ይበዛል። የዘይት መከላከያ ጎማ ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ ከሌላ ቦታ ካፈሰሰ ሞተሩ በውስጡ ግፊት አለ ማለት ነው። ፒሲቪ የሚባለው የሞተር መተንፈሻ ቫልቭ ተደፍኖ ይሆናል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ዘይት መሙያውን ከፍተው ቀዳዳው ላይ ወረቀት ያድርጉ፤ በቀስታ መሳብ አለበት። ከገፋው ቫልቩን ያውጡና ያራግፉት፤ ኳኳ ካላለ ተጣብቋል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ካልተቀየረ ግን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚዋሰነው የኋላው የዘይት መከላከያ ጎማ እስኪያፈስ ይደርሳል፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ዘይቱ የነካው ፍሪሲዮንም አብሮ ይሄዳል። ቫልቩ አዲስ ሆኖ ወረቀቱ አሁንም ከተገፋ ፋሻው ተበልቷል።

ጭሱም ይናገራል። ቆሞ አድሮ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ በአንዳንድ ሞተር ቴስታታ ሳይወርድ ይቀየራል። ነዳጅ ሲረገጥ ያለማቋረጥ ከጨሰ ፋሻ ነው። ውሳኔው በኮምፕረሽን ይሰጣል፦ ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ነዳጅና እሳት ይቋረጥ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ይረገጥ። ብዙ የቤንዚን ሞተሮች ከ10 እስከ 14 ባር ይሰጣሉ። ከመጠኑ ይልቅ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ያሳስባል፤ ከ15 በመቶ ካለፈ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ይድገሙ። ግፊቱ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ ነው፤ ግፊቱ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጋርኒሲዮን ነው።

የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ፤ ፓምፕ ከመቀየር በፊት ግን ሴንሰሩ ወጥቶ በቦታው የእጅ ግፊት መለኪያ ይገጠም። ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ብረት) በልቶ የተጠገነ ሞተር ደግሞ እንደገና ከበላ፣ ከፊተኛው ብልሽት የቀረ የብረት ብናኝ በዘይት መሳቢያው ወንፊት ወይም በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ። ማቀዝቀዣውን በሚገባ አጥቦ ማጽዳት ስለማይቻል ይቀየራል።

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ የሞተር መብራት በርቷል

ስካነሩ የሚያሳየው ኮድ ፒ0301 ከሆነ በሲሊንደር ቁጥር 1 ነዳጁ በአግባቡ አይቃጠልም። ኮይሉን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ከሲሊንደር ቁጥር 2 ኮይል ጋር ያቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፍተው ይንዱ። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ኮይሉ ነው፤ ካልዞረ ካንዴላውን፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን በዚያው መንገድ። የካንዴላው ጉድጓድ ዘይት ከያዘ የቫልቭ ክዳኑ ጋርኒሲዮን ሳይቀየር አዲስ ኮይል አይግዙ፣ ይህኛውንም ያቃጥለዋል።

ፒ0171 የነዳጅ ማነስ ኮድ ነው፤ ኦክስጅን ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ በከንቱ ይከሰሳል። በስካነሩ ላይ የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር ይዩ። በዝግታ ሲሠራ ከ10 በመቶ በላይ ተጨምሮ በ2500 ዙር ወደ ዜሮ ከተጠጋ የሆነ ቦታ አየር ይገባል፤ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ይፈልጉ። ዙሩ ሲጨምር ቁጥሩም ከጨመረ የነዳጅ ፓምፕ፣ ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር ነው። ፒ0420 ደግሞ ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) ይከሳል፤ ሳይቃጠል የሚያልፍ ነዳጅና የሚቃጠል ዘይት ካልቆመ አዲሱም ዕድሜ አይኖረውም።

መብራቱ መጥፋቱ መጠገኑን አያረጋግጥም። ኮድ ሲጠፋ የመኪናው የራስ ምርመራዎችም ዜሮ ይሆናሉ፤ ስካነሩ ሁሉም ተጠናቀዋል እስኪል ጥቂት ቀን ይነዳ።

ፍሬንና ጎማ

ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዲስክ ይቀየራል፣ ችግሩ ግን ብዙም ሳይሄድ ይመለሳል። ዲስኩ የሚቀመጥበት ብረት ዝገቱ አልተቦረሸም፣ ወይም የጎማው ብሎኖች በአየር ቁልፍ እኩል ሳይሆኑ ጠብቀዋል። የፍሬን ሸራ በአንድ በኩል ብቻ ካለቀ የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ደርቋል፤ ይጸዳና በሲሊኮን ግሪስ ይቀባል። ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ኳስ ቀለበት) ቶሎ ቶሎ የሚበላ ከሆነ በመጫኛው ሲገባ በተሳሳተው ቀለበት ተገፍቷል፣ ወይም የሚቀመጥበት ቤት ሰፍቷል።

ከዚህ በኋላ ገንዘብ ይግባበት?

ትልቅ ወጪ ከመፍቀድዎ በፊት ሦስት ነገር ይመርመር፦ የሁሉም ሲሊንደር ኮምፕረሽን፣ የሻንሲው ዝገት፣ የካምቢዮው ሁኔታ። ኮምፕረሽኑ እኩል ከሆነ፣ ሻንሲው በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ፣ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ካልዘገየና ዘይቱ የተቃጠለ ካልሸተተ ሌላው ሁሉ የሚጠገን ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ከወደቁ ጥገናው ይቁም። እስካሁን የወጣው ገንዘብ በስሌቱ አይገባም። የሚነጻጸረው በሚቀጥሉት 12 ወራት የሚታወቀው ወጪ፣ መኪናው አሁን ባለበት ሁኔታ ከሚሸጥበትና ተጠግኖ ከሚሸጥበት ዋጋ ልዩነት ጋር ነው። የታይሚንግ ቺንጋ ጊዜው ካለፈና ታሪኩ ካልታወቀ ወጪው እንደተረጋገጠ ይቆጠር፤ ሲቀየር ወጣሪውና፣ በዚሁ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ፣ የውሃ ፓምፑም አብረው ይቀየሩ፣ ምክንያቱም የእጅ ዋጋው ያው አንድ ነው።