ክሬኖቹ ከመነሣታቸው በፊት፦ ብቻችሁን በቫን ወደ ቦስኬ ዴል አፓቼ

ልጆች ሳለን ቢሾፍቱ፣ ጨለለቃ ሐይቅ ዳር በበጋ የሚሰፍሩትን ግራጫ ረጃጅም ወፎች ሽመላ እንላቸው ነበር። ክሬን መሆናቸውን ያወቅሁት አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ከኖርኩ በኋላ፣ ዘመዶቻቸው ሳንድሂል ክሬኖች ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሲጮኹ ሰምቼ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ሚኒቫኔን ጭኜ ብቻዬን ወደ ቦስኬ ዴል አፓቼ የዱር እንስሳት መጠለያ እወርዳለሁ።

መንገዱ አያሳስትም። ሀይዌይ 25ን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ፤ አልበከርኪንና ሶኮሮን አልፋችሁ ሳን አንቶኒዮ የምትባል መንደር ላይ ከአውራ ጎዳናው ትወጣላችሁ። ከዴንቨር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ እኔ ለሁለት ቀን እከፍለዋለሁ። ቤንዚን ሶኮሮ ላይ ሙሉ። ወፎቹ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መግቢያ ድረስ አሉ።

ከመነሣታችሁ በፊት ፖስታ ቤት ጎራ ብላችሁ ዳክ ስታምፕ የሚባለውን፣ ለዳክዬ አዳኞች የተዘጋጀውን ዓመታዊ ቴምብር በ25 ዶላር ግዙ። የመግቢያ ክፍያ በሚጠይቁ የአገሪቱ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያዎች ሁሉ ያስገባችኋል፤ ከየዶላሩም 98 ሳንቲሙ ለወፎቹ ረግረግና ማረፊያ መሬት ይውላል። አዳኝ ባልሆንም በየዓመቱ እገዛለሁ፤ ወፍ የሚወድ ሰው ሁሉ ቢገዛው ደስ ይለኛል።

መጠለያው ውስጥ ማደር አይፈቀድም። ስለዚህ ከክልሉ ውጭ፣ ሳይጨልም የካምፕ ቦታ ያዙ። እኔ የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ ፍራሽ ዘርግቻለሁ፤ ከብርድ ልብሱ በላይ የእናቴን ጋቢ እደርባለሁ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት መስኮቶቹን ሁሉ ጥርቅም አድርጌ ተኛሁ፤ ትንፋሼ መስታወቱ ላይ ከውስጥ በረዶ ሆኖ አደረ። እሱን ስፍቅ ከክሬኖቹ ጋር ኩሬው ላይ ያደሩት ነጫጭ ዝይዎች ተነሥተው ሄዱ፤ ያዘንኩት ሐዘን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። አሁን ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት መስኮቶች ጣት በሚያህል እከፍታለሁ። ቫኑን በጋዝ ምድጃ ለማሞቅ ግን ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ከምድጃው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ይገድላል። ብቻዬን ስለምሆን ማታ የት እንዳደርኩ ለእህቴ መልእክት እልካለሁ፤ ጠዋትም እደውልላታለሁ። የመኪናው ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፣ በጨለማ ዳብሼ የማገኘው።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ መጠለያው ውስጥ ወፎቹ የሚያድሩበት ኩሬ ዳር ደርሳችሁ ሞተር አጥፉ። ከመኪና አትውረዱ። ወፎች በእግሩ የሚሄድን ሰው ገና ከሩቅ ሲያዩት ይሸሻሉ፤ የቆመ መኪናን ግን ብዙም አይፈሩትም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ፎጣ አጥፋችሁ ጠርዙ ላይ አስቀምጡና ክንዳችሁን አስደግፉ፤ ባይኖኩላሩ አይንቀጠቀጥም። 8 በ42 የሚባለው መጠን (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) በቂ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃንም ያሳያል። ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ፣ ቆሎ በኪስ። ብቻ መሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የሚያወራችሁ ስለሌለ ጆሯችሁ ሥራውን ይሠራል።

ነጫጮቹ ዝይዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ግር ብለው ይነሣሉ፤ ሰማዩ ይሸፈናል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ፎቶውን አንሥቶ ይሄዳል። እናንተ ቆዩ። ክሬኖቹ ከቀበሮ መሰሎቹ ኮዮቴዎች ለመዳን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያደሩ ናቸው፤ አይቸኩሉም። አንዱን ምረጡና ባይኖኩላሩን ከእሱ ላይ አታንሱ። ሊነሣ ሲል አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ ገላውን ያዘነብላል፤ ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ይቆያል። ጎረቤቱም ያዘነብላል። ከዚያ ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጥ ብለው ክንፋቸውን ይዘረጋሉ። ግንባሩ ቀይ ያልሆነ፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ካያችሁ የዘንድሮ ጫጩት ነው፤ አባትና እናቱ ከግራና ከቀኙ ናቸው።

ከቀትር በኋላ ትንሽ ተኙና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እዚያው ኩሬ ዳር ተመለሱ። እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ሲወርዱ ታገኟቸዋላችሁ።