ከፈረስ ላይ እንዴት ይወደቃል? ከድሮ ካውቦይ ፊልሞች ለሱሉልታ ፈረሰኞች

ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ካውቦይ ፊልም ስናይ «አክተሩ አይሞትም» እንባባል ነበር። እውነትም አይሞትም። ከሚጋልብ ፈረስ ይወረወራል፣ ከሠረገላ ላይ ይዘላል፣ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ያኔ ያላወቅነው ነገር፣ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ አክተሩ አለመሆኑን ነው። የእሱን ልብስ ለብሶ፣ የእሱን ባርኔጣ ደፍቶ የሚወድቅለት ሌላ ሰው አለ። ስታንትማን ይባላል።

ይህን የምጽፈው ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎና ሆለታ መንገድ ላይ ፈረስ ለምትጋልቡ ልጆች ነው። ለክሊፕ ወይም ለታሪክ ፊልም «ፈረሰኛ ይፈለጋል» ሲባል ተጠራርታችሁ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። መጋለቡን ማንም አያስተምራችሁም፣ ከኔ ትበልጣላችሁ። መውደቅ ግን ሌላ ሙያ ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ክሊፕ ላይ «ተመትተህ ውደቅ፣ ትችላለህ አይደል?» አሉኝ። «እችላለሁ» አልኩ። ወደቅኩ፣ ግን ግራ እግሬ እርካቡ ውስጥ ቀረ። ፈረሱ ደንግጦ ሲሮጥ ሜዳውን በጀርባዬ እየጠረግኩ ተጎተትኩ፣ እርካቡ የለቀቀኝ ጫማዬ ከእግሬ ሲወልቅ ነው። ትከሻዬን ወጌሻ መለሰልኝ፣ ሦስት ወር ግን ግራ እጄን ከደረቴ በላይ ማንሳት አልቻልኩም። ተኝቼ ሳለሁ ነው የድሮዎቹን ሰዎች ሥራ በደንብ ማየትና ማንበብ የጀመርኩት።

ከሁሉም ልቤን የገዛው ያኪማ ካኑት የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ገጠር ተወለደ። ያልተገራ ፈረስ በመጋለብ ውድድር ሻምፒዮን ነበር፣ ከዚያ ሆሊውድ ገባ። በድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን አክተርም ሆኖ ሠርቷል። ግን በወጣትነቱ የያዘው ኢንፍሉዌንዛ ድምፁን ጎድቶት ነበርና ፊልም መናገር ሲጀምር የእሱ ቦታ መውደቅ ሆነ። ድፍረት ያላቸው ብዙ ነበሩ። ካኑት የሚለየው ከመውደቁ በፊት መሬቱን፣ ማሰሪያውን፣ የፈረሱን ፍጥነት እያንዳንዱን ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው በመሆኑ ነው። የእ.ኤ.አ. 1966 የክብር ኦስካር ሲሰጡት አንዱ ምክንያት ስታንት ለሚሠሩ ሰዎች የደኅንነት መሣሪያዎችን መፍጠሩ ነበር።

እንግዲህ ከእግር እንጀምር። ከፈረስ ወድቆ የሚጎዳ ሰው ሁሉ በመሬቱ አይጎዳም። በእርካቡ የሚጎዳው ብዙ ነው። ካኑት እግርን ወዲያው የሚለቅ እርካብ የሠራው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ጥንት የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ ሰይፉንና ዘንዶውን ሳይሆን እግሩን። በብዙ የድሮ ሥዕሎች ላይ እርካቡ ትንሽ ቀለበት ናት፣ እግሩም ሙሉ አይገባባትም፣ የሚይዛት በአውራ ጣቱ ነው። አባቶቻችን በባዶ እግራቸው እንዲያ ነበር የሚጋልቡት። ጣት ብቻ ያስገባ ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ነገር የለም። ሰፊውን እርካብ የምንጠቀም እኛ ነን ተጎታቾቹ።

ስለዚህ ቦቲ አድርጋችሁ እንዳትወድቁ። ወፍራም ነው፣ ይቀረቀራል። ሶሉ ለስላሳ፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ የተወተፈ ጫማ አድርጉ። እርካቡ ውስጥ የእግራችሁን ጫፍ ብቻ አስገቡ። ከመውደቃችሁ አንድ ሁለት እርምጃ በፊት ደግሞ ሁለቱንም እግሮች አውጡ። ካሜራው ከጉልበት በላይ እንዲይዝ ቀድማችሁ ለካሜራማኑ ንገሩት። ይህን ለመጠየቅ አትፈሩ፣ የናንተ እግር ነው።

ቀጥሎ መሬቱ። የኛን አካባቢ አፈር ታውቁታላችሁ። መረሬው በሚያዝያ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል፣ በሐምሌ ደግሞ ፈረሱን እስከ ጉልበቱ ይውጠዋል። ለመውደቅ ጥሩው ጊዜ ጥቅምት አካባቢ ነው፣ ሣሩም ሳይደርቅ፣ ጭቃውም ጠፈፍ ሲል። ያም ሆኖ የምትወድቁበትን ቦታ ቆፍሩ። ስንዝር ተኩል ያህል ጥልቀት፣ ስፋቱ ሦስት እርምጃ፣ ርዝመቱ ስድስት። ርዝመቱ የበለጠው ፈረሱ እየሄደ ስለምትወድቁ ነው፣ ሰውነታችሁ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ወደፊት ይወረወራል። ድንጋዩን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ልቀሙ። በዓይን የተለቀመ መሬት አትመኑ፣ እኔ አንዴ በእጄ ስዳስስ የተሰበረ የጠርሙስ አንገት አግኝቻለሁ። ከዚያ አሸዋና ጭድ ቀላቅላችሁ ሙሉት፣ ሁለት ሦስት ማዳበሪያ ጭድ ይበቃል። ላዩ ላይ የአካባቢውን አፈርና ሣር በትኑበት፣ ካሜራው አያየውም። ግን እናንተ በግልቢያ ስትመጡ ከሩቅ ማየት አለባችሁና አጠገቡ አንድ ቅርንጫፍ ትከሉ።

አሁን ሰውነት። መጀመሪያ ያለ ፈረስ ነው የሚለመደው። ከቁጢጥ ጀምሩ፣ ከዚያ ከመቆም፣ ከዚያ ከጭድ ክምር ላይ። ዋናው ነገር እጅን አለመዘርጋት ነው። ሰው ሲወድቅ እጁ ሳይታዘዝ ቀድሞ ይዘረጋል፣ የእጅ አንጓና ክንድ የሚሰበረውም ለዚህ ነው። እጃችሁን ወደ ደረት ሰብስቡ፣ አገጫችሁን ደረታችሁ ላይ ለጥፉ፣ ትንፋሻችሁን አውጡ። በትከሻችሁ ጀርባ መሬቱን ንኩና ተንከባለሉ፣ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ዳሌ፣ በሰያፍ። አከርካሪያችሁ ላይ ቀጥ ብላችሁ አትውደቁ። መንከባለሉንም ከፈረሱ ኋላ እግር ለመራቅ ተጠቀሙበት። ይህን መቶ ጊዜ ሥሩት። ሲሰለቻችሁ ሌላ መቶ ጊዜ።

ከዚያ የቆመ ፈረስ ላይ ውጡ፣ አንድ ሰው ልጓሙን ይያዝ። ከዚያ በእርምጃ። ከዚያ በሶምሶማ። ግልቢያ የመጨረሻው ነው፣ ሳምንታት ቢፈጅም ይፍጅ። ብቻችሁን ግን በፍጹም አትለማመዱ።

«እንዲህ ቀስ ማለት ለፈሪ ነው» የሚል ካለ ስለ ሔለን ጊብሰን ልንገረው። የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሙያተኛ ሴት ስታንት ትባላለች፣ እሷም ከፈረስ ውድድር የመጣች ናት። እ.ኤ.አ. በ1915 ከባቡር ጣቢያ ጣሪያ ላይ የሚሄድ ባቡር አናት ላይ ዘለለች። ከመዝለሏ በፊት ግን በጣሪያውና በባቡሩ መካከል ያለው ርቀት ተለክቷል፣ ባቡሩ ቆሞም ተለማምዳበታለች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አርፋ ተንከባለለችና ወደ ጫፉ ስትሄድ የአየር ማስገቢያውን ይዛ ቀረች። ከቀላል ጉዳት በቀር ምንም አልሆነችም።

ፍጥነትን በተመለከተ ካኑት አንድ የሚገርም ነገር ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው «ስቴጅኮች» ፊልም ላይ ከራሱ ፈረስ ሠረገላ ከሚጎትቱ ስድስት ፈረሶች ወደ ፊተኞቹ ይዘላል፣ በጥይት ይመታል፣ በፈረሶቹ መካከል ይወርዳል፣ የማያያዣውን እንጨት ይዞ ይጎተታል፣ ከዚያ ይለቅና ፈረሶቹም ሠረገላውም በላዩ ያልፋሉ። ፈረሶቹ በሙሉ ፍጥነት እንዲሮጡ የፈለገው እሱ ነው። በፍጥነት የሚሮጥ ፈረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀስ ሲል ግን ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህንን ሜዳችን ላይ ራሳችሁ አስተውሉት። አዩኝ ብላችሁ ግን ሠረገላ ሥር እንዳትገቡ። ይህን የጻፍኩት ፈረስን ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማሳየት ነው።

ስለ ፈረሱ ሳልናገር አላልፍም። ያኔ ፈረስ የሚጥሉበት ክፉ ዘዴ ነበር። የፊት እግሮቹ ላይ ማሰሪያ ይታሰራል፣ ከማሰሪያው ቀጭን ሽቦ ተነስቶ በኮርቻው የሆድ ማሰሪያ በኩል ያልፍና መሬት ከተቀበረ ችካል ጋር ይያያዛል። ፈረሱ ይጋልባል፣ ሽቦው ሲያልቅ የፊት እግሮቹ ከሥሩ ይነጠቃሉ። ካኑት ራሱም ተጠቅሞበታል። ብዙ ፈረሶች ተሰብረውበታል፣ ሞተውበታልም። እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣ ሌላ ፊልም ደግሞ ፈረስ ከገደል ወደ ውኃ ተጥሎ ሞተ፣ ቁጣው ከባድ ነበር፣ ከ1940 ጀምሮም የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት ቀረጻ ቦታ ላይ ተቆጣጣሪ ማስቀመጥ ጀመረ።

አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ፈረሱ የናንተን ጦርነት አያውቅም። ገመድ ወጥሮ መጣል፣ ልጓሙን በድንገት ጎትቶ መገልበጥ፣ ይህን የሚጠይቃችሁ ዳይሬክተር ካለ ሥራውን ጥላችሁ ሂዱ። በትዕዛዝ የሚወድቅ ፈረስ አለ፣ ግን ለዚያ በትዕግሥት የሠለጠነ ነው፤ መጀመሪያ ቆሞ ሳለ ለስላሳ መሬት ላይ ቀስ ብሎ መተኛት ይማራል፣ ሲነሳ ገብስ ይሰጠዋል፣ ወራት ይወስዳል። እንዲህ ያለ ፈረስ ከሌላችሁ ሰውዬው ይውደቅ፣ ፈረሱ ሮጦ ይለፍ። በፊልም ያው ያምራል።

የገንዘቡ ነገር አጭር ነው። ዋጋ ከመውደቃችሁ በፊት ተነጋገሩ። በቀን ነው ወይስ በውድቀት? ዳይሬክተሩ «አንዴ ይደገም» ካለ ድጋሚው ይከፈላል ወይ? ብትጎዱ የሕክምናውን ማን ይችላል? በወረቀት ይስፈር፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። ሆሊውድ ውስጥ እንኳ ስታንት ሠሪዎቹ የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፣ ካኑት አብዛኛውን ከወደቀ በኋላ ማለት ነው። እናንተ አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ ዋጋ ብትይዙ ማንም አያወርዳችሁም።

ዕድሜም አለ። ካኑት ሰውነቱ እየተጎዳ ሲሄድ ትዕይንቱን ወደ ማቀናበር ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የ«ቤን ኸር» የሠረገላ ውድድር የእሱ ሥራ ነው፣ ያኔ ከስልሳ አልፎ ነበር። ሠረገላው ዘሎ ከፊት ሊወረወር የደረሰው ደግሞ የገዛ ልጁ ጆ ነው፣ አገጩ ላይ ተሰፍቶ ተርፏል። ስለዚህ ከአሁኑ ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ቦታው ለምን እንደተመረጠ እየጠየቃችሁ ተማሩ። ነገ የምታቀናብሩት እናንተ ናችሁ።

የቀረጻው ቀን ጠዋት ኮርቻችሁን ራሳችሁ ጫኑ፣ ማሰሪያውን ለሌላ ሰው አትስጡ። ጉድጓዱን እንደገና በእጃችሁ ዳስሱት፣ ሌሊት ከብት ረግጦት ወይም ልጆች ድንጋይ ጥለውበት ይሆናል። ፈረሱን በቦታው ሁለት ሦስት ጊዜ በእርምጃ አመላልሱት፣ መብራቱንና ሰዉን ይልመድ። ወድቃችሁ ስትነሱ ጭብጨባውን ትታችሁ ወደ ፈረሱ ሂዱ። አራቱንም እግሮቹን ከላይ እስከ ሰኮና በመዳፋችሁ ዳብሱ። ከሌላው ቦታ የሚሞቅ ወይም ስትነኩት የሚሸሸው ካለ የዛሬው ሥራ አብቅቷል፣ ኮርቻውን አውርዱለትና በእግር እየመራችሁ ወደ ቤት ውሰዱት።