አልትራላይት ደብረ ብርሃን ላይ ሲያርፍ ለምን ያስቸግራል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቆላ ላይ ማረፍ የለመደ የአልትራላይት (እጅግ ቀላል የሆነ ትንሽ አውሮፕላን) አብራሪ እዚህ ሲመጣ አውሮፕላኑ ጠባዩን የቀየረ ይመስለዋል። የተለወጠው ግን አየሩ ነው።

ምልክት፦ ልታርፉ ስትቀርቡ መሬቱ በጣም ይሮጥባችኋል።

ምክንያት፦ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ መፍጠን አለበት። 20 ዲግሪ በሚሞቅ ቀን የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ፣ ነፋስ ከሌለ፣ በእውነት የምትሄዱት 70 አልፎ ነው። የሚያሳስተው ዓይን ነው። «ኧረ በዛ!» ብላችሁ አፍንጫውን ካነሳችሁ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ክንፉም መሸከም ያቆማል። ስቶል የሚሉት ይህ ነው። መሬት አጠገብ ከሆነ ማስተካከያ ጊዜ የለም።

መፍትሄ፦ መለኪያውን እመኑ። ክንፉ መሸከም በሚያቆምበት ፍጥነት (በስቶል ፍጥነት) 1.3 እጥፍ ቅረቡ የሚለው ልማድ ደጋም ቆላም ያው ነው። የሚለወጠው የሜዳው ርዝመት ነው። በባሕር ጠለል ከሚበቃችሁ ላይ ግማሽ ያህል ጨምሩ።

ምልክት፦ ወደ ሜዳው ስትታጠፉ አንዱ ክንፍ ይወድቃል።

የማረፊያውን መስመር አልፋችሁ ሄዳችሁ፣ ለመመለስ አጥብቃችሁ ስለታጠፋችሁ ነው። ክንፉ 45 ዲግሪ ሲያዘነብል የስቶል ፍጥነት 19 በመቶ፣ 60 ዲግሪ ላይ ደግሞ 41 በመቶ ይጨምራል። አታጥብቁት፤ ጋዝ ሰጥታችሁ እንደገና ዙሩ። ልብ በሉ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ውሳኔው ቀደም ብሎ ይሁን።

ምልክት፦ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል።

ለቆላ የተስተካከለ ባለሁለት ምት ሞተር ደጋ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል። በመመሪያው መሠረት የካርቡሬተሩን ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ባነሰ ቀይሩ። ወደ ሸዋ ሮቢት ከመውረዳችሁ በፊት ግን ትልቁን መልሱ። አለዚያ ነዳጅ ያጥረዋል፣ ፒስተኑም ይቃጠላል። ከሁለቱ ስህተቶች የከፋው ይኼኛው ነው።

ምልክት፦ ጣርማበር ወይም አንኮበር ገደል አጠገብ ድንገት ወደ ታች ትሳባላችሁ።

ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከደጋው በኩል፣ ከነፈሰ አየሩ ገደሉን ይዞ ይወርዳል፤ ከቆላው ከመጣ ደግሞ ከአፋፉ ኋላ ይናወጣል። ጠዋት በርሩ፣ ከፍታ ይኑራችሁ። አፋፉን ፊት ለፊት ሳይሆን ሰያፍ ሆናችሁ ቅረቡ፤ ካልተመቸ ቶሎ ትመለሳላችሁ።

ነጥሮ ለሚነሳ አውሮፕላን፦ አፍንጫውን አትጫኑ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ትንሽ ጋዝ ስጡ፣ የቀረው ሜዳ ካልበቃ ግን እንደገና ተነሱ። የምታርፉበትንም መጀመሪያ በእግር እዩት። የድንጋይ እርከንና ከብት ከላይ ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ።