ለውጭ ማስተርስ ስኮላርሺፕ ስታመለክቱ፦ ከድርሰቱ በፊት ወረቀቱን

ሦስት ዓመት ተከታትዬ አመልክቻለሁ። ሁለቱን ዓመት የወደቅኩት በውጤቴም በእንግሊዝኛዬም አልነበረም። አንዴ በሪኮመንዴሽን (መምህር በሚጽፍልን የድጋፍ ደብዳቤ)፣ አንዴ በሰዓት ነው። ስለ ሞቲቬሽን ሌተር፣ ማለትም ስለ ድርሰቱ፣ ቲክቶክ ላይ የሚያስተምር ሞልቷል፤ እኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ፍለጋው ላይ ብዙ አልቆይም። የቴሌግራም ቻናል ለጥቆማ ጥሩ ነው፣ መስፈርቱን ግን ዋናው ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ራሳችሁ አንብቡ። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት፣ ማለትም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ዘንድሮ የተመረቀ ሰው እሱን ትቶ የአውሮፓ ኅብረቱን ኢራስመስ ሙንዱስን ቢያይ ይሻለዋል፤ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪም ማመልከት ይችላል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ይከፈታል። ሦስቱም ለማመልከት ሳንቲም አይጠይቁም። "ፎርም እንሞላላችኋለን" ለሚል ቢሮ የምትከፍሉትን ብር ለእንግሊዝኛ ፈተናው ለአይልትስ አስቀምጡት።

ፓስፖርት ከሌላችሁ ዛሬውኑ ጀምሩት። ከዚያ ስማችሁ ፓስፖርቱና ዲግሪው ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት መጻፉን እዩ። የአባቴ ስም በጸ ይጀምራል፤ ፓስፖርቴ ላይ በቲና በኤስ፣ ዲግሪዬ ላይ በኤስ ብቻ ነው የተጻፈው። ለአንዲት ፊደል ሬጅስትራር ስንት ቀን እንደተመላለስኩ አልነግራችሁም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ከሆናችሁ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ፣ አለ። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ በእጃችሁ ይኖራል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ግን ዕዳው ሳይዘጋ አይወጣም። ዓመተ ምሕረቱንም እዩት። በ2014 ሰኔ ላይ የተመረቀ ሰው ለፈረንጅ የ2022 ተመራቂ ነው፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በኛ አቆጣጠር መሆኑ ካልተጻፈ ግን ዲግሪው ከእውነተኛ ዕድሜው በስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል። ቀልድ አይደለም፤ የጀርመኑ ስኮላርሺፕ ሰጪ ዳአድ ለልማት ነክ የማስተርስ ኮርሶቹ ዲግሪው ከስድስት ዓመት ባይበልጥ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው መከራ፣ ሪኮመንዴሽን። ሌላውን ሁሉ ራሳችሁ ሮጣችሁ ትጨርሱታላችሁ፣ ይሄ ግን በሰው እጅ ያለ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ "ችግር የለም፣ ጽፈሽ አምጪልኝና እፈርማለሁ" የሚል ነበር። ደስ አለኝ። የሁለቱንም መምህሮች ደብዳቤ እኔው ጻፍኩት። ማታ ጎን ለጎን አድርጌ ሳነባቸው ሁለቱም "ትጉህና ሰዓት አክባሪ" ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ድርሰቴም ውስጥ ያው ቃል አለ። ሦስት ሰው የጻፈው ነው ብሎ የሚያምን ሞኝ የለም። ሐሰት መሆኑን ደግሞ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ረቂቅ ሳይሆን አንድ ገጽ ማስታወሻ እወስዳለሁ፦ የትኛውን ኮርስ እንዳስተማሩኝ፣ ስንት እንዳገኘሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ፣ ላብ ውስጥ የሆነች አንድ እሳቸውም የሚያስታውሷት ነገር፣ ዴድላይኑ። መምህሩ በሴሚስተር ስንቱን ተማሪ ነው የሚያዩት፣ ስማችሁን ቢረሱ አይፈረድባቸውም። በስልክ አትጠይቁ። ቢሮ ሂዱ፣ "ዶክተር፣ ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ ይመችዎታል?" በሉ። ካመነቱ አመስግናችሁ ውጡ።

ያን ዓመት ያስወደቀኝ ግን ጽሑፉም አይደለም። ፖርታሉ (የማመልከቻው ድረ ገጽ) ደብዳቤው የሚገባበትን ሊንክ የሚልከው በቀጥታ ወደ መምህሩ ኢሜይል ነው። እኔ ከስማቸው ጎን "ተልኳል" የሚል አረንጓዴ ምልክት ሳይ ደብዳቤው የገባ መስሎኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ለካ የተላከው ሊንኩ ነው! ሰውዬው የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸውን ከከፈቱ ወር አልፏቸዋል። ስለዚህ ሊንኩን ከላካችሁ በኋላ ደውሉ፣ ስፓም ውስጥም እንዲያዩ ንገሯቸው፣ ከተቻለ ቢሯቸው ተገኝታችሁ ሲከፍቱት እዩ። ለእሳቸው የምትነግሯቸው ቀን ከእውነተኛው አንድ ሳምንት ይቅደም። ተጠባባቂ ሦስተኛ ሰውም ያዙ። ጂሜይል የሚሰጧችሁ ከሆነ የተቋሙን አድራሻ ለምኑ፤ ብዙ ቦታ ጂሜይልን በጥርጣሬ ነው የሚያዩት።

ፋይሎቹን በፒዲኤፍ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ስካን አድርጉ። ምንጣፍ ላይ ተነጥፎ በስልክ የተነሳ ዲግሪ አይቻለሁ፣ የእግር ጣት ሳይቀር ይታያል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ሁሉ ነገር ተሟልቶልኝ ነበር። ዴድላይኑ "12:00፣ ጂኤምቲ" ይላል። እኔ አእምሮዬ ውስጥ የኛ 12 ሰዓት፣ ማምሻው ላይ። ቀን ሙሉ ድርሰቷን ስነካካ ዋልኩ። 10 ሰዓት ላይ ቡናዬን ጠጥቼ ልልከው ስል ገጹ ተዘግቷል። የእነሱ 12:00 እኩለ ቀን ነው፣ ያውም በግሪንዊች፤ በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት። አሁን ማመልከቻ ስጀምር መጀመሪያ የማደርገው ሰዓቱን ወደኛ ቀይሮ ወረቀት ላይ መጻፍና ሁለት ቀን ቀንሶ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ የላክሁት መብራት በጠፋበት ማታ በስልክ ዳታ ነበር፤ ያኔ ግን ገና ሁለት ቀን ይቀረኝ ነበር።