ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ምጣዱን እዩ

ቤቱ ትንሽ የኤስፕሬሶ ማሽን ያስገባ ሰው ቡናው ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማሽኑን ነው። እኔም ልመልሰው ብዬ ካርቶኑን ስፈልግ ነበር። ጥፋቱ ግን የብረት ምጣዴ ላይ ተገኘ።

አረፋው ስኒውን ሞልቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ጣዕሙም ምላስ ይቆነጥጣል

ዛሬ ቆልታችሁ ዛሬ ነው የፈጫችሁት። ይህን መቀበል ለእኛ ይከብዳል። ቆልተን፣ ጢሱን አሽትተን፣ ወቅጠን እዚያው መጠጣት ነው የለመድነው። ለጀበና ምንም አይደል፤ ሲፈላ ቡናው ያመቀው ጋዝ ይወጣል። ኤስፕሬሶ ግን ውሃውን በ9 ባር ገደማ ግፊት፣ በሰከንዶች ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ገና የተቆላ ቡና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቆ ይይዛል። ጋዙ ውሃውን ስለሚገፋው ጣዕሙ በቅጡ ሳይወጣ ያልፋል። መፍትሄው ሳምንት ያህል ማሳረፍ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ ከዚያ ግጥም። እኔ የቆላሁበትን ቀን ጽፌ ዕቃው ላይ እለጥፋለሁ። እስከዚያ እንግዳ ከመጣ ጀበናው አለ።

ውጪው ጠቁሯል፣ ውስጡ ገርጥቷል

አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ስበሩና እዩት። እሳቱ በዝቷል፣ ወይም ምጣዱ ሞልቷል። በ200 ግራም ጀምሩ። ወደ ቢጫ እስኪሄድ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ እጃችሁ ማመሱን አያቁም። እንደ ፈንዲሻ መንጣጣት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ። መንጣጣቱ ረገብ ሲል ሰፌድ ላይ ገልብጡና አራግቡት፤ የጋለ ምጣድ እሳቱ ጠፍቶም ይቆላል። ሲመዘን ወደ 170 ግራም ከሆነ ደህና ነው።

በ12 ሰከንድ ወርዶ ያልቃል፣ ይኮመጥጣል

አፈጫጨቱ ሻካራ ነው። 18 ግራም ዱቄት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ያህል ፈሳሽ ቡና ይስጣችሁ። ሙቀጫ እዚህ አያዋጣም፤ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ክክ ይሆናል። መፍጫውን ትንሽ በትንሽ አጥብቁ። ጠብ ጠብ እያለ ከዘገየና ከመረረ ደግሞ አላሉት።

ባንድ ጎን ፊን ይላል

ሸሚዜ ምስክር ነው። ዱቄቱ ጓል ሰርቷል፣ ወይም አጠቃጠቁ ዘምሟል። በመርፌ በትኑት፣ ደልድሉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ።

ሁሉንም አስተካክላችሁ አሁንም ይመራል

ፍሬው ጠቁሮ ቅባት ካወጣ አሯል። እሱን የሚመልስ ነገር የለም፤ ወተት አብዝታችሁ ማኪያቶ አድርጉት።