«አታሟርት!» ከማለታችን በፊት፦ በሟርት፣ በትንቢትና በትንበያ አጠቃቀም ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የተማሪዎችን ድርሰትና ለሬዲዮ የሚነበቡ ጽሑፎችን ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬ የሚያርፍባቸው ቃላት የታወቁ ናቸው፦ ሟርት፣ ትንቢት፣ ትንበያ፣ ምልኪ፣ ገድ፣ ንግርት። ሁሉም ገና ያልመጣውን ነገር ስለሚመለከቱ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ምን አለበት የሚሉኝ አሉ። ብዙ አለበት። እንደ ቃሉ ምርጫ ያው አንድ ሰው ባለሙያ፣ ነቢይ ወይም ክፉ ተመኚ ሆኖ ይቀርባል።

ትዕግሥቴን ከጨረሰው ልጀምር። ደስ የማይል ነገር አስቀድሞ የተናገረን ሰው ሁሉ «አሟረተ» ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

ሟርት በጥንት አገባቡ የጥንቆላ ዓይነት ነበር። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዘዳግም ምዕራፍ 18 «ምዋርተኛ» ከሞራ ገላጭና ከጠንቋይ ጋር አብሮ ተጠቅሷል። በዛሬው አማርኛ ግን ሟርት ማለት ምንም ማስረጃ ሳይዙ ክፉ ይመጣል ብሎ መናገር፣ በመናገርም ክፉውን እንደ መጥራት የሚቆጠር ንግግር ነው። ከእርግማን ይለያል። ተራጋሚው «ይድፋህ» ብሎ ክፉውን ይመኛል፤ የሚያሟርተው ግን «ይህ ትዳር ዓመት አይሞላውም» ብሎ የማይቀር አድርጎ ይናገራል። ሰሚው የሚቆጣውም አፍ ያወጣው ነገር ይደርሳል ብሎ ስለሚፈራ ነው፤ «ሟርትህን ለራስህ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ይህን ቃል ቡና በተሰጣበት ግቢ ውስጥ እንየው። በጅማ ዙሪያ የቡና ለቀማ ከጥቅምት ወዲህ ይሞቃል። ቀዩ እሸት በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ እስኪሆን ድረስ ለሳምንታት ፀሐይ ይፈልጋል። በመሐል ዝናብ ከመታው ይሻግታል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወድቃል። አንድ አባወራ የተሰጣ ቡናውን በእጁ እያገላበጠ ሳለ ልጁ ትንበያውን ከስልኩ አይቶ «አባባ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ ይላል፤ ሸራውን ላልብሰው?» ሲለው ሰማሁ። «በዚህ ፀሐይ? አታሟርት!» አለው አባቱ። ልጁ ዝም አለ፤ ሸራውም እንደታጠፈ ግድግዳው ሥር ቀረ። በማግስቱ የወረደው ዝናብ እህል የሚያሳድግ እንጂ ቡና የሚያደርቅ አልነበረም። እኔን ያሳዘነኝ ከቡናው ይልቅ የልጁ ዝምታ ነው፤ ሟርተኛ የተባለ ልጅ ሁለተኛ አያስጠነቅቅም።

አባትየውን አልወቅስም፤ እኛ ጽሑፍ የምናዘጋጀው ሰዎች ስናደርገው ግን ያናድደኛል። «ባለሙያው ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ እንደሚጥል አሟርተዋል» የሚል ዜና ለእርማት መጥቶልኛል። አክብሮ በአንቱታ ሟርተኛ ማለት! ባለሙያው የደመናውን፣ የነፋሱንና የእርጥበቱን መረጃ ይዞ ነው የተናገረው፤ ቡናችሁን ሸፍኑ ብሎ መከላከያውንም ጨምሯል። ሐኪም «የደም ግፊትህ ካልተስተካከለ ለስትሮክ ያጋልጥሃል» ሲል ያስጠነቅቃል፤ መሐንዲስ «ይህ ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ ይወድቃል» ሲልም እንዲሁ። ጸሐፊ ይህን ቃል ከማስፈሩ በፊት ተናጋሪው ምን ይዞ እንደተናገረ ይጠይቅ። ምክንያት ካለው፣ ምክንያቱም ሊመረመር ከቻለ ሟርት አይደለም። «አስጠነቀቀ»፣ «ሥጋቱን ገለጸ»፣ «ተነበየ» የሚሉ ቃላት ሞልተውልናል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ «መልካም ሟርት» ብለው የሚጽፉ አሉ። ሟርት መልካም የለውም። «መልካም ምልክት» ወይም «መልካም ገድ» በሉ።

ትንቢትና ትንበያ የሚምታቱበት ምክንያት ይገባኛል። ሁለቱም «ተነበየ» ከሚለው ግስ ይወጣሉ፤ «ነቢይ» የሚለውም ከዚያው ሥር ነው። ይሁን እንጂ «የአየር ትንቢት» ተብሎ አይጻፍም። ትንቢት ከአምላክ ተሰጠኝ በሚል ሥልጣን የሚነገር ነው፤ ተናጋሪው ስሌቱን አሳየን አይባልም። ትንበያ ግን ከመረጃ ተነሥቶ የሚሠራ ግምት ነው፤ ጠዋት የወጣው ትንበያ አዲስ መረጃ ሲመጣ ማታ ሊሻሻል ይችላል፤ መሻሻሉም እንደ ጉድለት አይታይም። ይህን ልዩነት ያልያዘ ጸሐፊ ቀጥሎ የባሰ ስህተት ይሠራል። የበልግና የክረምት ትንበያ ብዙ ጊዜ በሦስት ተከፍሎ ይቀርባል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፤ ለእያንዳንዱም በመቶኛ የተገለጸ ዕድል ይሰጠዋል። «ከመደበኛ በላይ» 45 በመቶ ቢያገኝ «ዘንድሮ ከባድ ዝናብ ይኖራል» ብሎ መጻፍ ያልተባለውን ማለት ነው። የቀረው 55 በመቶ ወዴት ሄደ? በኋላ ዝናቡ መደበኛ ሲሆን ደግሞ ያው ጸሐፊ «ትንቢቱ ሐሰት ሆነ» ብሎ ይጽፋል። ከመነሻውም ትንቢት የተናገረ አልነበረም።

«ዕድል» ካነሣን አይቀር፣ «የመዝነብ ዕድል» ያስኬዳል፤ «የጎርፍ ዕድል አለ» ግን ጆሮ ይቧጥጣል። ለጉዳት «ሥጋት» የሚል ቃል አለን። «የወደፊት ትንበያ» እና «ቅድመ ትንበያ» ደግሞ ድግግሞሽ ናቸው፤ ያለፈ ነገር አይተነበይምና።

ምልኪ ላይ የሚሳሳቱትን ልጆች እወዳቸዋለሁ። አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ የፈቱ ተማሪዎቼ ለጓደኛቸው መልካም ሲመኙ «ምልኪ ይሁንልህ» ብለው ይጽፋሉ። በአፋን ኦሮሞ «ሚልኪ» መልካም ገድ ነው፤ «ሚልካኢና» ስኬት ማለት ነው፤ ሚልኬሳ የሚባል ስም ያለው ልጅም ወላጆቹ መልካሙን ተመኝተውለት ነው። የአማርኛው ምልኪ ግን መልካምም ክፉም ሊሆን የሚችል ምልክት ነው፤ እንዲያውም ወደ ክፉው ያደላል። ሙሉ እንስራ የተሸከመች ሴት መንገድ ላይ ብታጋጥም ደግ፣ ባዶ እንስራ ከሆነ ክፉ የሚባለው ምልኪ ነው። መዳፍ ሲያሳክክ ገንዘብ ይገባል መባሉም እንዲሁ። «ምልኪው አላማረኝም» ይባላል፤ «ምልኪ ይሁንልህ» የተባለ አማርኛ ተናጋሪ ግን ምን እንደተመኙለት ግራ ይገባዋል። ለልጆቹ የምነግራቸው የሚጠቅማቸውን ነው፦ ሁለቱን ቃላት በየቋንቋቸው ያዙ፤ በአማርኛ መልካም ስትመኙ «ይቅናህ» በሉ።

ምልኪ የሚታይ ምልክት ሲሆን ገድ ሰው ወይም ነገር ይዞት የሚመጣው በጎ ወይም ክፉ ዕጣ ነው። ጠዋት የገባው የመጀመሪያ ገዢ ገበያውን ካሞቀላት ባለሱቋ «ገዴ ነህ» ትለዋለች፤ ያላሞቀው «ገደ ቢስ» ይባላል። «ገድለ ቢስ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ገድል የተጋድሎ ታሪክ ነው፣ ከገድ ጋር አይገናኝም።

ንግርት ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የኖረ፣ ገና ይሆናል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር ነው። ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ ይነሣል የሚለው ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ይህንኑ ስም መረጡ። እንግዲህ ንግርት ዕድሜና ብዙ አፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ገብረው ጅማን ከጦርነት ማትረፋቸውን «ንግርት ስለነበራቸው ነው» ብሎ መጻፍ ንጉሡን ያሳንሳቸዋል። የኃይል ሚዛኑን መዝነው የወሰኑት ነው፤ ስሙም አርቆ አስተዋይነት ነው። ጅሬን ሄዶ ቤተ መንግሥታቸውን ያየ ሰው ይህን ያህል ሊነፍጋቸው አይገባም።

«ቃሉ»ን እና «ጠንቋይ»ን አንድ ማድረግም ይቅር፤ ቃሉ በኦሮሞ ባህል የሃይማኖት መሪ ነው።

ስሞቹን ያወቀ ሰው ግሶቹን ሲያምታታ ደግሞ ይታያል። ትንቢት ይነገራል፣ ይፈጸማል። ትንበያ ይወጣል፣ ይሻሻላል፣ ይሳካል ወይም ይስታል። ምልኪ ይታያል፣ ገድ ይቀናል፣ ንግርት ይወርዳል፣ ይደርሳል። «የሜትዮሮሎጂ ትንበያ ተፈጸመ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማችሁ «ተፈጸመ»ን ሰርዙና «እንደተተነበየው ዘነበ» ብላችሁ ጻፉ።